በጋዝና በውሃ መሀል የተጣበቀ ነዳጅ እንዴት ይወጣል?

ነዳጅ ማደያ ወረፋ ላይ የማይነሳ ወሬ የለም። ሰሞኑን ጎንደር አዘዞ ላይ የባጃጆቹ ሰልፍ አስፋልቱን ይዞ ሲረዝም፣ አንድ ወጣት ሾፌር «ጋሼ፣ ነዳጅ የተገኘበት አገር ምን ይቸግረዋል? ጉድጓድ ቆፍሮ መቅዳት ነው» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚህ ነው። መሬቱ ይበሳል፣ ጥቁሩ ነገር እየተንፎለፎለ ይወጣል፣ አለቀ።

አንዳንድ ቦታ ላይ ነገሩ በእርግጥ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ነዳጁ መቶና ሁለት መቶ ሜትር ውፍረት ባለው ድንጋይ ውስጥ ከተከማቸ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደ ጉድጓድ ይበቃዋል። ጭንቁ የሚመጣው ነዳጁ ስስ ሲሆን ነው። ከላዩ ጋዝ፣ ከሥሩ ጨዋማ ውሃ፣ መሀል ላይ አሥር ወይም ሃያ ሜትር ነዳጅ። ይህ ሁሉ ባሕር ሥር ሲሆን ደግሞ ጭንቁ እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለው ነዳጅ ለረጅም ጊዜ «መኖሩስ አለ፣ ግን አያዋጣም» እየተባለ ሲታለፍ ኖሯል። ዛሬ ይወጣል። የሚወጣውም ጉድጓዱን ወደ ጎን በማስተኛት ነው። ይህ አግድም ቁፋሮ ይባላል። በጣም የምወደው የምህንድስና ታሪክ ስለሆነ፣ ለዚያ ወጣት ወረፋው ላይ ያልጨረስኩለትን እዚህ ልጨርሰው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነዳጁ የት እንደሚተኛ እንይ። ከምድር ሥር የነዳጅ ሐይቅ የለም። ነዳጁ ያለው ድንጋይ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ለዓይን ድፍን ይመስላል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ግን በአሸዋ ፍሬዎቹ መካከል ጥቃቅን ክፍተቶች አሉት። ነዳጁም፣ ጋዙም፣ ውሃውም የሚኖሩት በእነዚያ ክፍተቶች ነው።

ድንጋይ ሁሉ ግን ለዚህ አይሆንም። የፋሲል ግንብ የተሠራበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ የጠነከረ። ጎንደርና ዙሪያዋ የተቀመጡትም በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ላይ ነው። ነዳጅ በብዛት የሚገኘው በአሸዋ ድንጋይና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ከጎንደር በደጀን በኩል አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ያያቸዋል። የዓባይ በረሃ አፋፉ ላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ። ዝቅ ሲሉ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ወደ ድልድዩ ሲጠጉ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። በሚቀጥለው ጉዟችሁ አውቶቡሱ ሲጠማዘዝ በመስኮት ልብ ብላችሁ እዩት። የዓባይ ድንጋይ ነዳጅ አለው ማለቴ አይደለም። የድንጋዩን ዓይነት በቅርብ ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ ስለማላውቅ ነው።

በድንጋዩ ክፍተት ውስጥ ያሉት ሦስቱ ነገሮች በክብደታቸው ይደራረባሉ። ጋዝ ቀላል ስለሆነ ከላይ፣ ውሃ ከባድ ስለሆነ ከታች፣ ነዳጅ መሀል። ቅቤ ሲነጠር አይታችኋል። አረፋው ከላይ ይሰፍራል፣ ውሃና ዝቃጩ ከታች ይቀራል፣ ጥሩው ንጥር መሀል ላይ ነው። ንጥሩ ብዙ ከሆነ እንዴትም ይቀዳል። ድስቱ ሰፊ ንጥሩ ስስ ከሆነ ግን ባለሙያ ሴት ጭልፋዋን አትደፍቅም። ጋደም አድርጋ፣ ቀስ ብላ ነው የምትቀዳው። ከደፈቀችው ዝቃጩ ይነሳል፣ ከቸኮለች አረፋው ይገባል። የአግድም ቁፋሮ ሐሳብ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥርና ብረት ነው።

ችግሩ ያለው አሳሳቡ ላይ ነው

ነዳጅ ወደ ጉድጓድ የሚፈሰው በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ግፊት በዙሪያው ካለው ድንጋይ ግፊት ሲያንስ ነው። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ፍሰቱ ይጨምራል። ይህን ሕግ በ1856 ያሳተመው ሄንሪ ዳርሲ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። ዳርሲ ስለ ነዳጅ አላሰበም። ሐሳቡ የዲዦን ከተማን ውሃ ማጠጣት ነበር። ውሃን በአሸዋ ውስጥ እያሳለፈ ሲለካ ነው ያገኘው።

የጎንደር ሰው የዳርሲን ስም ሳይሰማ ሕጉን ያውቀዋል። አንገረብ ግድብ በደለል ሲጨነቅ፣ ቧንቧ ሲጠፋና ቢጫው ጀሪካን ሲሰለፍ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር ይመጣል። ቁፋሮው ሲያልቅ የፓምፕ ሙከራ ይደረጋል። ባለሙያው ጫፉ ውሃ ሲነካ ጢጥ የሚል ረጅም ሜትር ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል። ፓምፑ ሳይነሳ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይጽፋል። ፓምፑ ሲነሳ ውሃው ይወርዳል። መጀመሪያ በጣም ይፈጥናል፣ ከዚያ ቀስ ይላል። ጉድጓዱ አጠገብ ብዙ ይወርዳል፣ ራቅ ሲል ትንሽ። ከመሬት በታች ያለው የውሃ ገጽ በጉድጓዱ ዙሪያ ወደ ታች እየሾጠጠ ይገባል ማለት ነው። ፓምፑ በጉልበት ከሳበ ሾጣጣው ይጠልቃል። ያን ጊዜ የጎረቤት የእጅ ጉድጓድ ይነጥፋል።

ስስ ነዳጅ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ የሚለየው አቅጣጫው ነው። ጉድጓዱ ነዳጁን ሲስብ ከሥሩ ያለው ውሃ ሾጣጣ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ያለው ጋዝም ሾጣጣ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ ጫፎች ጉድጓዱ ነዳጁን የሚስብበት የታችኛው አፍ ላይ ሲደርሱ ጨዋታው ይበላሻል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ውሃና ጋዝ እየበዛ፣ ነዳጁ እያነሰ ይሄዳል። ዙሪያውን ያለው ብዙ ነዳጅ ሳይነካ ይቀራል።

ነገሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። ውሃው ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚይዘው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። ከነዳጁ የሚከብደው ደግሞ በጥቂቱ ነው። አንድ ሊትር ነዳጅ 850 ግራም ቢመዝን፣ አንድ ሊትር ጨዋማ ውሃ 1,030 ግራም ግድም ይመዝናል። ይህ የታችኛው አፍ ከውሃው 6 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል እንበል። ውሃውን ያንን 6 ሜትር ለማስወጣት 0.1 ባር ግድም የግፊት ልዩነት ይበቃል። ጎማ ቤት በምንሰማው መለኪያ አንድ ተኩል ፒኤስአይ መሆኑ ነው። የመኪና ጎማ 30 ፒኤስአይ ይነፋል፤ ይህ የዚያ አንድ ሃያኛ ነው። በ1,500 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት በአጠቃላይ ከ150 ባር ያላነሰ ነው። ከ150ው ውስጥ አንድ አሥረኛዋን ባር አብዝተህ ከሳብክ ውሃው ይመጣብሃል።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ቀስ ብሎ መሳብ። ቀስ ብሎ የሚስብ ጉድጓድ ግን ወጪውን አይመልስም፣ በተለይ ባሕር ላይ። መፍትሔው ያለው ሳይቸኩሉ ብዙ በመቅዳት ላይ ነው። ያ ደግሞ የሚሆነው ጉድጓዱ ነዳጁን የሚነካበት ርዝመት ሲጨምር ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ከአንድ ጉድጓድ በቀን 5,000 በርሜል ይፈለጋል እንበል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። ቀጥ ያለው ጉድጓድ በስሱ ንጣፍ መሀል 5 ሜትር ያህል ብቻ ቢከፈት፣ እያንዳንዱ ሜትር በቀን 1,000 በርሜል መሸከም አለበት። ይህ ወደ 8,000 የሚጠጋ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። በአንዲት ሜትር በኩል፣ በአንድ ቀን! አሁን ጉድጓዱን አስተኝተን 1,000 ሜትር በነዳጁ ውስጥ እናስኬደው። እያንዳንዱ ሜትር የሚደርሰው 5 በርሜል ነው። 40 ጀሪካን ግድም። በደቂቃ ሲሰላ ግማሽ ሊትር ብቻ። ድንጋዩ ይህን ያህል በቀላሉ ይሰጣል። የግፊቱ ልዩነት በጣም ትንሽ ስለሆነ ውሃውም ጋዙም ቶሎ አይንቀሳቀሱም። ውሎ አድሮ መምጣታቸው አይቀርም። ሲመጡ ግን በአንድ ነጥብ ሾልከው ሳይሆን በጉድጓዱ ርዝመት ሁሉ፣ ውሃው ቀስ ብሎ ከፍ፣ ጋዙም ቀስ ብሎ ዝቅ እያለ ነው። እስከዚያው ብዙ ነዳጅ ወጥቷል።

ቀድሞ የሞከሩት

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ ቴክሶን በምትባል ቦታ አካባቢ በ1929 አግድም ጉድጓድ ተቆፍሯል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ቀጥ ያለ ጉድጓድ እጅግ ርካሽ ስለነበር ማንም አልተከተለውም። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ነገሩ የጥቂት ሰዎች ሙከራ ሆኖ ቀረ።  ከዚያ የፈረንሳዩ ኤልፍ አኪቴን ኩባንያ በ1980 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ላክ በሚባል ቦታ ጀመረ። በ1982 ደግሞ ወደ ባሕር ወጥቶ ከኢጣሊያ ዳርቻ ባሻገር በአድሪያቲክ ባሕር ሮስፖ ማሬ ላይ ቆፈረ። የሮስፖ ማሬ ነዳጅ እንደልብ የማይፈስ ወፍራም ፈሳሽ ነው፤ ድንጋዩም የተሰነጣጠቀና የተቦረቦረ የኖራ ድንጋይ ነው። አግድሙ ጉድጓድ በአካባቢው ካሉት ቀጥ ያሉ ጉድጓዶች በብዙ እጥፍ የበለጠ ነዳጅ ሰጠ። የኢንዱስትሪው ዓይን የተከፈተው ከዚያ ወዲህ ነው። በኋላም በአላስካ ፕሩዶ ቤይ የነዳጅ መስክ ላይ፣ ልክ ይህን የውሃና የጋዝ መምጣት ለመቀነስ ተብሎ አግድም ጉድጓዶች ተቆፈሩ።

ትሮል

ይህን ቴክኖሎጂ በአንድ ቦታ ለማየት የሚፈልግ ሰው ኖርዌይን ማየት አለበት። ከበርገን ከተማ ወደ ምዕራብ፣ በሰሜን ባሕር ላይ ትሮል የሚባል የነዳጅና የጋዝ መስክ አለ። የተገኘው በ1979 ነው። ባሕሩ እዚያ ከ300 ሜትር በላይ ይጠልቃል። መስኩ በመጀመሪያ የታወቀው በጋዙ ነው፤ በኖርዌይ የባሕር ክልል ካለው ጋዝ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው እዚያ ነው። ከጋዙ ሥር ግን ነዳጅ ነበር። በምዕራቡ ክፍል በአንዱ ወገን ከ22 እስከ 26 ሜትር ውፍረት ያለው፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከ12 እስከ 14 ሜትር ብቻ።

መጠኑን በሚታወቅ ነገር ልለካላችሁ። ትልቁ የፋሲል ግንብ ወደ 32 ሜትር ከፍታ አለው ይባላል። የትሮል ስሱ የነዳጅ ንጣፍ ከዚያ ግማሽ አይሞላም። የሚገኘው ከባሕሩ ገጽ ወደ 1,500 ሜትር ግድም ዝቅ ብሎ ነው፤ ከጎንደር መተማ ድረስ ከምንወርደው ቁልቁለት ብዙም የማይለይ። በዚህ ጥልቀት ላይ፣ ከላዩ እስከ 200 ሜትር የሚደርስ ጋዝ ተጭኖት፣ ከሥሩ ውሃ ይዞት ያለ 13 ሜትር ነዳጅ። ብዙዎች አያዋጣም ብለው መተዋቸው አይገርምም።

ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ግን አልተወውም። በ1990 ግድም የሙከራ አግድም ጉድጓድ ቆፍሮ ለወራት አስፈሰሰው። ውጤቱ አጥጋቢ ሆነ። ትሮል ቢ የተባለው የማምረቻ መድረክ በ1995፣ ትሮል ሲ በ1999 ነዳጅ ማውጣት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ከመቶ በላይ አግድም ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ብዙዎቹ ከአንድ ግንድ ጉድጓድ ሁለት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያወጡ ናቸው። «አያዋጣም» የተባለው ስስ ነዳጅ ከአንድ ቢሊዮን በርሜል በላይ ሰጥቷል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ጉድጓዱ የሚቀመጥበት ከፍታ ነው። ሰው በመሀል ላይ ይሆናል ብሎ ይገምታል። እነሱ ግን ወደ ውሃው አስጠግተው፣ ከውሃው አናት አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ አድርገው ነው የሚያስተኙት። ምክንያቱ ጋዙ ነው። ጋዝ ከነዳጅ ይልቅ በቀላሉ የሚያልፍ ነገር ስለሆነ አንዴ መንገድ ካገኘ ነዳጁን ቀድሞ ይሮጣል። መድረኩ ላይ ያለው ማሽን የሚችለው የጋዝ መጠን ደግሞ የተወሰነ ነው። ጋዝ ሲበዛ ጉድጓዱን ማነቅ ግድ ይሆናል። ውሃው ቢመጣ ከነዳጁ ለይቶ ማስወገድ ይሻላል። ስለዚህ ከጋዙ ይርቃሉ፣ ከውሃው ጋር ይጎራበታሉ።

ሌላም ውሳኔ ነበር። ጋዙ ውድ ነው፣ ብዙም ነው፣ ገዢም አለው። ታዲያ ለምን መጀመሪያ እንደልብ አልተቀዳም? ከላይ ያለው ጋዝ ቶሎ ከወጣ የላይኛው ግፊት ይወርዳል። ያን ጊዜ ስሱ ነዳጅ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ጋዝ ብቻ ወደነበረበት ደረቅ አሸዋ ይገባል። በአሸዋ ፍሬዎቹ ላይ ተለጥፎ የሚቀረው ድርሻ ተመልሶ አይገኝም። 13 ሜትር ብቻ ላለው ንጣፍ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ስለዚህ የኖርዌይ መንግሥት በየዓመቱ የሚወጣውን ጋዝ ወሰነ፤ ነዳጁ እንዲቀድም። ዛሬ ሊሸጥ የሚችል ጋዝ እያለ ትዕግሥት ማድረግ ለማንም መንግሥት ቀላል አይደለም። የማከብረው ውሳኔ ነው።

ብረት እንዴት ይታጠፋል?

ያ ወጣት ሾፌር ቢሆን እዚህ ላይ «ቆይ፣ መሰርሰሪያው እንዴት ይዞራል?» ይለኝ ነበር። የቁፋሮ ቧንቧ ወፍራም ብረት ነው። በእጅ ቢይዙት ንቅንቅ አይልም። በሺህ ሜትር ሲቀጣጠል ግን ይለጠጣል፣ ይጎብጣል። ጉድጓዱ በየ30 ሜትሩ ሦስት አራት ዲግሪ ብቻ እየዞረ ከሄደ፣ ከቀጥታ ወደ አግድም ለመድረስ ብዙ መቶ ሜትር ይወስዳል። በዚህ ልክ ሲታጠፍ ብረቱ አይጎዳም።

ጫፉን ቀረብ ብለን እንየው። ከፊት ለፊቱ ድንጋይ የሚፈጨው መሰርሰሪያ አለ። ከኋላው ሞተር አለ። ይህ ሞተር ኤሌክትሪክ የለውም። የሚያሽከረክረው ከላይ በቧንቧው ውስጥ በከፍተኛ ግፊት የሚላከው ጭቃ ነው። ጭቃ ሲባል እንዲሁ የመንገድ ጭቃ አይደለም። በልክ የተመጠነ ፈሳሽ ነው። መሰርሰሪያውን ያቀዘቅዛል፣ የተፈጨውን ድንጋይ ጠርጎ ወደ ላይ ያወጣል፣ በክብደቱም የጉድጓዱን ግፊት ይይዛል። ሞተሩ ያለበት ቧንቧ በአንድ ሁለት ዲግሪ ብቻ ጎበጥ ያለ ነው። ቧንቧው ከላይ ሳይሽከረከር ቆሞ ሞተሩ ብቻ ከዞረ፣ ጉድጓዱ ጉብጠቱ ወዳለበት ይታጠፋል። ቧንቧው በሙሉ ከተሽከረከረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ቧንቧው እየተሽከረከረም መሰርሰሪያውን ወደተፈለገው አቅጣጫ የሚገፋ መሣሪያ መጥቷል። ርቀቱም ጥራቱም በጣም የተሻሻለው በዚህ ነው።

ከመታጠፉ የሚከብደው የት እንዳለ ማወቅ ነው። ከፋሲል ግቢ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የአግድሙ ጉድጓድ ክፍል ይህን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚህ በላይ ይሄዳል። በአቅጣጫው ላይ የአንድ ዲግሪ ስሕተት ቢኖር፣ ከ1,000 ሜትር በኋላ 17 ሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ይላል። ንጣፉ 13 ሜትር መሆኑን አትርሱ። በአንድ ዲግሪ ስሕተት ከነዳጁ ጨርሶ ይወጣሉ።

ስለዚህ ከመሰርሰሪያው ጀርባ ባሉት ቧንቧዎች ውስጥ ሴንሰሮች ይደረደራሉ። አንዱ የመሬትን ስበትና መግነጢስ እየለካ ዘንበሉንና አቅጣጫውን ይናገራል። ሌላው ከድንጋዩ በተፈጥሮ የሚወጣውን ጨረር ይለካል፤ አሸዋ ውስጥ ነን ወይስ ሸክላማ ድንጋይ ውስጥ ገባን የሚለው በዚህ ይታወቃል። ለስስ ነዳጅ ወሳኙ ግን ሦስተኛው ነው። ይህኛው ድንጋዩ የኤሌክትሪክ ሞገድን ምን ያህል እንደሚቃወም ይለካል። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ነዳጅ አያሳልፍም። መሣሪያው ድንጋዩን አልፎ በዙሪያው ጥቂት ሜትሮች ድረስ «ያያል»። ውሃው ከሥር እየቀረበ ሲመጣ ንባቡ ይለወጣል። መሐንዲሱም መሰርሰሪያው ውሃ ሳይነካ ትንሽ ቀና እንዲል ያዛል።

መልእክቱ ወደ ላይ የሚደርስበት መንገድ ደግሞ ብልህ ነው። ቧንቧው ስለሚሽከረከር ሽቦ መዘርጋት ያስቸግራል። ታች ያለች ትንሽ ቫልቭ የሚወርደውን ጭቃ ለቅጽበት ታንቀውና ትለቀዋለች። እያንዳንዱ መታነቅ በጭቃው ውስጥ የግፊት ምት ሆኖ እስከ ላይ ይጓዛል። ላይ ያለው ኮምፒውተር ምቶቹን ወደ ቁጥር ይለውጣል። በሴኮንድ የሚደርሰው መረጃ እጅግ ጥቂት ነው፤ በስልካችን ለአንድ ፎቶ የምናጠፋው መረጃ በዚህ መንገድ ቢላክ ቀናት ይፈጃል። ቢሆንም ይበቃል። በየፈረቃው ስክሪን ላይ ተተክሎ የሚያድር ጂኦሎጂስት አለ። ጉድጓዱ ሲቆፈር ግማሽ ሜትር ከፍ፣ ግማሽ ሜትር ዝቅ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።

ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላም አንድ ጣጣ ይቀራል። ቆፋሪዎች መታጠፊያውን ተረከዝ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ጣት ይሉታል። ነዳጁ ከጣቱ ወደ ተረከዙ ሲፈስ በረጅሙ ቧንቧ ውስጥ ሰበቃ አለ። ስለዚህ ስበቱ ተረከዙ ላይ ይበረታል፣ ጣቱ ላይ ይላላል። እንዲሁ ከተተወ ውሃና ጋዝ መጀመሪያ በተረከዙ ይገባሉ፤ የጣቱ ወገን ሥራ ይፈታል። ለትሮል ሲባል በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው መፍትሔ በቧንቧው ርዝመት ላይ ፍሰቱን የሚያጠብቡ ትናንሽ ማለፊያዎችን መደርደር ነው። የስበቱ ጉልበት በእነሱ ላይ ስለሚያልቅ ሁሉም ሜትር እኩል ይስባል። ይህ ዘዴ ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል።

ባሕር ላይ ለምን ይበልጥ ያስፈልጋል?

የብስ ላይ ቢሆን አንድ መውጫ አለ። ስሱን ነዳጅ በብዙ ርካሽ ቀጥ ያሉ ጉድጓዶች ተራ በተራ መብሳት ይቻላል። ባሕር ላይ ይህ አይሞከርም። የቁፋሮ መርከቡ ወይም ተንሳፋፊው ሪግ የቀን ኪራዩ ብቻ ኩባንያ ያናጋል። ባሕሩ ጥልቅ ሲሆን ነዳጁ የሚወጣበት የላይኛው አፍ ብዙ ጊዜ ባሕር ወለል ላይ፣ ጠላቂ በማይደርስበት ጥልቀት ይተከላል፤ ጥገናው በሮቦት ነው። ስለዚህ ጥቂት ጉድጓድ ብዙ መሥራት አለበት። ከአንድ ቦታ ተነስተው በየአቅጣጫው ኪሎ ሜትሮች የሚተኙ ጉድጓዶች ባሕርን የሚስማሙት ለዚህ ነው።

አንድ የተለመደ መደባለቅ አለ። አግድም ቁፋሮ ሲባል ብዙ ሰው አሜሪካ ውስጥ ድንጋይ በውሃ ግፊት እየተሰነጠቀ የሚወጣው ነዳጅ ትዝ ይለዋል። እዚያም ጉድጓዱ ይተኛል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካው ድንጋይ ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ካልተሰነጠቀ አይፈስም። የትሮል አሸዋ ድንጋይ ግን በደንብ ያሳልፋል፤ መሰንጠቅ አያሻውም። እንዲያውም ቢሰነጠቅ ለውሃውና ለጋዙ በር መክፈት ይሆን ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል አግድም ጉድጓድ የትም ይሠራል ማለት አይደለም። ነዳጁ ያለበት ድንጋይ በስስ የሸክላ ድንጋይ ሽፋኖች ከተከፋፈለ፣ የተኛው ጉድጓድ በአንዱ ሽፋን ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ከላይና ከታች ያለው ነዳጅ ወደ እሱ መድረስ አይችልም። እንዲህ ባለ ቦታ ሽፋኖቹን ሁሉ የሚበሳው ቀጥ ያለ ወይም ያዘነበለ ጉድጓድ ይሻላል። የተኛ ጉድጓድ የተፈጨውን ድንጋይ ማጽዳትም ይከብዳል፤ ፍርፋሪው ወለሉ ላይ ይጋደማል፣ ቧንቧውንም ሊይዝ ይችላል። ውሃ በአንድ ቦታ ከገባ ያንን ቦታ ብቻ ለይቶ መድፈንም ራስ ምታት ነው።

ወደ አገራችን ስመጣ፣ ለወጣቱ ሾፌር ቀጥተኛው መልስ ይህ ነው። እኛ ባሕር የለንም። በስፋት የሚነሳው የኦጋዴን ካሉብና ሂላላ በዋናነት የተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ የብስ ላይም ነው። የትሮል ችግር የእኛ ችግር አይደለም። ጉድጓድን ከቀጥታ መስመር የማዘንበል ጥበብ ግን አገራችን ገብቷል፤ በአሉቶ ላንጋኖ ለእንፋሎት ኃይል ያዘነበሉ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ደግሞም በየከተማችን ዙሪያ የውሃ ጉድጓድ ለሚያስቆፍር ሁሉ የዳርሲ ሕግ ያው ነው። ከአንድ ጉድጓድ በጉልበት ከመሳብ፣ አራርቆ በመቆፈር ከእያንዳንዱ በልክ መሳብ ይሻላል። ይህን የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉን። የፓምፕ ሙከራው ቁጥር ላይ ተመሥርተው «ከዚህ በላይ አትሳቡ» ሲሉ ልንሰማቸው ይገባል።

ትሮል ላይ ነዳጁ ቀድሞ እንዲወጣ የተደረገው ትዕግሥት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። ንጣፉ ከመጀመሪያው በጣም ሳስቷል፤ ቁፋሮው ግን የቀረችውን እየተከተለ ቀጥሏል። በምዕራቡ ክፍል ከነዳጁ በላይ ያለውን ትልቁን የጋዝ ክምችት ለማውጣት የታቀደው ምዕራፍ ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2021 ነው። ጋዙ የሚሄደው ትሮል ኤ ወደሚባለው መድረክ ነው። ይህ መድረክ 472 ሜትር የሚረዝም የኮንክሪት ግንባታ ሲሆን፣ በ1995 ከባሕር ዳርቻ እየተጎተተ ሄዶ የተተከለ ነው። አብዛኛው አካሉ ከውሃው በታች ነው።